ገለበጠው አሉ

መጽሐፌ ከማተሚያ ቤት ወጥቶ፣ የዓባይን ድልድይ ተሻግሮ፣ በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ በሸራ ተጠፍሮ ቢቸና የገባ ዕለት ለራሴ አንድ ነገር ማልኩ። ከሰው ምስጋና አልለምንም፤ እውነቱን ብቻ እጠይቃለሁ አልኩ። ልቤ ግን የሚፈልገው ምስጋና ነበር። ሰው «እውነቱን ንገረኝ» ሲል ብዙ ጊዜ «አመስግነኝ፣ ግን ከልብህ አስመስለው» ማለቱ ነው። እኔም ያልኩት ይህንኑ ነበር፤ ያወቅሁት ግን ቆይቶ ነው።

የአማርኛ መምህር ነኝ። መጽሐፉን መጀመሪያ ያደልኩት ለሥራ ባልደረቦቼ ነው። አንድ ሳምንት ሰጠኋቸውና በመምህራን ማረፊያ ክፍል እየዞርኩ አንድ በአንድ ጠየቅሁ። አንዱ «ሽፋኑ ያምራል» አለኝ። ሌላው «በርታ፣ እጅህ ይባረክ» አለ። የባዮሎጂ መምህርቷ «ጀምሬዋለሁ» አለችኝ። ከዚያ በኋላ ሦስት ወር ሙሉ ባየችኝ ቁጥር «ጀምሬዋለሁ» ትለኝ ነበር፤ እስከ ዛሬም እየጀመረችው እንደሆነ አምናለሁ። ርዕሰ መምህሩ ደግሞ «ለትምህርት ቤታችን ትልቅ ግብዓት ነው» ብለው በሁለት እጃቸው ጨበጡኝ። መጽሐፉ ጠረጴዛቸው ላይ ነበር፤ እንዳልተገለጠ ከሩቅ ያስታውቃል።

አልፈርድባቸውም። በእኛ አገር ድግስ ቤት ወጡ ጨው ቢበዛበት «ጨው በዝቷል» የሚል እንግዳ የለም፤ ዝም ብሎ ውሃ ይጠጣል። ባልደረቦቼም በእኔ መጽሐፍ ላይ ውሃ ጠጡበት።

እኔ ግን አልተውኩም። አንድ ገጽ መጠይቅ አዘጋጀሁና ለአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎቼ አደልኩ። ስም እንዳይጽፉ፣ የመሰላቸውን እንዲሉ፣ ማርክ እንደማይነካባቸው ነገርኳቸው። ወረቀቶቹን ሰብስቤ ማንበብ ስጀምር ከግማሽ በላይ የሚሆኑት አንድ ዓረፍተ ነገር ነው የያዙት፦ «ደራሲው የኅብረተሰቡን ችግር ነክሰው በማውጣት አስተማሪ መጽሐፍ አበርክተውልናል።» ነቅሰው ለማለት ፈልጎ ነክሰው ብሎ የጻፈ አንድ ተማሪ ነበር፤ የቀሩት ስሕተቱን ሳይቀር ከእሱ ወስደዋል። ደሜ ፈላ። በማግስቱ ክፍል ገብቼ «አስተያየት እንኳ ትገለብጣላችሁ?» ብዬ ጮህኩባቸው። «ገልባጭ ሁላ። የራሱ ነገር የሌለው ሰው እስክሪብቶ ባይዝ ይሻለዋል።» ይህን ያልኩት እኔ ነኝ፤ በዚህ አፌ።

እውነቱን የነገረኝ ሰው ቢኖር የፊዚክስ መምህሩ ነው። ከደቡብ ተመድቦ የመጣ፣ አማርኛውን በመጽሐፍ የተማረ፣ የእኛን ይሉኝታ ገና ያልለመደ ወጣት ነበር። መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር አንብቦታል። ሻይ ቤት ተቀምጠን «አሥራ አንድ ታሪክ አለው» አለኝ። «አሥሩ አንተን ይመስላሉ። የአቡጀዲዋ ታሪክ ግን ሌላ ሰው የጻፋት ነው የምትመስለው።»

ሻዩ ትን አለኝ።

«ማለቴ፣ በጣም ጎበዝ የሆነ ሌላ ሰው» አለ፣ ያስቀየመኝ መስሎት። ሊያመሰግነኝ ነበር የፈለገው። እኔ ግን ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት ያህል አብሬው ሻይ አልጠጣሁም፤ ለምን እንደሸሸሁት ሲጠይቀኝም «የፈተና እርማት በዝቶብኝ ነው» አልኩት።

የአቡጀዲዋ ታሪክ አጭር ናት። አንድ ጨርቅ ነጋዴ አለ። ለቀሚስ ለአንሶላ ለሚገዛው ሁሉ በሜትር ይለካል። ለመግነዝ አቡጀዲ የሚገዛ ሲመጣ ግን ሜትሩን ወደ ጎን ያደርግና በራሱ ክንድ ይለካል። ክንዱ ረጅም ነው፤ በዚያ ላይ መጨረሻው ላይ አንድ ክንድ ይጨምራል። ለምን ሲሉት «ሟች ተመልሶ አነሰኝ አይልም፤ እኔ አስቀድሜ ልበልለት ብዬ ነው» ይላል። ሲሞት ልጁ መግነዙን ሊለካለት ይነሳና የገዛ ክንዱ ከአባቱ ክንድ እንደሚያጥር ያያል። መጽሐፌን ያነበቡ ሰዎች ሁሉ፣ ጥቂት ቢሆኑም፣ የሚያነሱልኝ ይህችን ታሪክ ነው። ስለ ሌሎቹ አሥሩ ዝም ይላሉ። ያ ዝምታ አስተያየት እንደነበር አልገባኝም።

ታሪኳ የእኔ አልነበረችም።

ማስተማር በጀመርኩበት ዘመን ቢቸና ውስጥ ከአንድ የታሪክ መምህር ጋር አንድ ክፍል ቤት ተከራይተን እንኖር ነበር። የሞጣ ልጅ ነው፤ ቤተሰቦቹ ከጥንት ጀምሮ ሞጣ ላይ በንግድ የኖሩ ሙስሊሞች ናቸው። በጾም ወራት ድስታችን አንድ ነበር፣ በፍስክ ሁለት። አራት ዓመት በሰላም ኖርን። ቅኔ ቤት ሳይገባ በቃል መጫወት የሚችል ሰው ነበር፤ ለቤት አከራያችን ያወጣላቸውን ስንኝ ሴትዮዋ ውዳሴ መስሏቸው ለጎረቤት ሁሉ ይነግሩ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወፍራም ደብተር ሰጠኝ። ተማሪ ሳለ ስለሞቱት አባቱ የጻፈው ነው። «አንተ የአማርኛ ሰው ነህ» አለኝ። «እውነቱን ንገረኝ። መጽሐፍ ይወጣዋል ወይስ ልተወው?» አልጋዬ ላይ ጋደም ብዬ ጀመርኩት፤ ሳልነሳ ጨረስኩት። በዚያን ጊዜ እኔ ራሴ ሁለት ዓመት ሙሉ ስጽፍ ስቀድ ከርሜ አንድ ረብ ያለው ገጽ አልወጣልኝም ነበር። እሱ ደግሞ ጨርቅ ሲለካ ያየውን አባቱን ያለ አንዳች ጭንቀት ቁጭ አድርጎታል። ደብተሩን ሦስት ቀን ይዤ ቆየሁ፤ እያሰብኩበት እንደሆነ እንዲመስል። ከዚያ እንደ ሊቅ ጉሮሮዬን ጠርጌ «ለቤተሰብ ማስታወሻ ጥሩ ነው፤ ለመጽሐፍ ግን አይሆንም። ቋንቋው የገበያ ቋንቋ ነው» አልኩት።

«እሺ መምህር» አለ፤ ሳቀም። ከዚያ ወዲያ ስለ ደብተሩ አላነሳም። በኋላ የአባቱን ሱቅ ይዘው የነበሩት አጎቱ ዓይናቸው ሲደክም ማስተማሩን ትቶ ወደ ሞጣ ተመለሰ። ዕቃውን ሲያስር ደብተሩን መደርደሪያው ላይ ተወው። «ጀርባ ጀርባው ባዶ ነው፤ ረቂቅ ጻፍበት» አለኝ።

ስንት ዓመት አለፈ። እኔ አሥር ታሪክ ጽፌ መጽሐፉ ስስ ሆነብኝ። ደብተሩን ሳወርደው የፈለግሁት ሐሳቡን ብቻ ነበር፤ ለራሴ ያልኩት እንደዚያ ነው። ከሐሳቡ በኋላ የክንዱን ነገር ወሰድኩ። ከዚያ የአባትየውን ንግግር፣ ከዚያ ሙሉ ገጾችን። ዓርቡን እሑድ አደረግሁት፤ መስጊዱን ቤተ ክርስቲያን፣ ሞጣን ቢቸና አልኩት። ከፈን የሚለውን ቃል መግነዝ ብዬ ለወጥኩ። ይህን ሁሉ ማስተካከል ብዬ ጠራሁት።

ታዲያ መጽሐፉ ሲወጣ ለምን ላክሁለት? ይህን ጥያቄ ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄዋለሁ። ረስቶታል ብዬ ነበር፤ ጨርቅ የሚሸጥ ሰው የድሮ ደብተር ምን ያስታውሳል ብዬ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይሏል ይህ ነው። የባሰው ግን ሌላ ነው። ባልደረቦቼ ሁሉ ውሃ ሲጠጡብኝ ጽሑፍ የሚያውቅ አንድ ሰው ናፈቀኝ፤ የማውቀው ደግሞ እሱን ብቻ ነበር። ከሰረቅሁት ሰው ጥሩ ጽፈሃል መባል ፈለግሁ።

መጽሐፉን በሚኒባስ ሾፌር እጅ ላክሁ፤ ውስጡ «እውነተኛ አስተያየትህን እጠብቃለሁ» የሚል ብጣሽ ወረቀት አኖርኩ። ኢንተርኔት የጠፋበት ሰሞን ስለነበር ከሁለት ሳምንት በኋላ መልሱ በአጭር የስልክ መልእክት መጣ፦

እንደ ማር ብርዝ ነው የመምህሩ ቃሉ፤
መጽሐፉን ያየ ሁሉ ገለበጠው አሉ።

ደስታዬን ምን ልበላችሁ። ብርዝ በማር የተበጠበጠ ውሃ ነው፤ ሞጣ እነሱ ቤት በሄድኩ ቁጥር የሚቀርብልኝ እሱ ነበር። ጣፋጭ ነው፤ ሰው ብርጭቆውን አንዴ ካነሳ ሳይገለብጠው አያስቀምጥም። መጽሐፌንም ያየው ሁሉ እንደ ብርዝ በአንድ ትንፋሽ ጨለጠው ማለቱ ነው ብዬ ተረዳሁ። ለባለቤቴ አነበብኩላት። ለፊዚክስ መምህሩ ሳይቀር አሳየሁት፤ ታርቄው። ሁለተኛው እትም ሲታተም ስንኙን በጀርባ ሽፋኑ ላይ በትልልቅ ፊደል አወጣሁት፤ ከሥሩም «አንድ የሞጣ አንባቢ» አልኩ።

የሁለተኛው እትም ምረቃ ቢቸና ከተማ አዳራሽ ውስጥ ተደረገ። ከፊት ወንበር የጽሕፈት ቤት ኃላፊዎች፣ ከኋላ አባቶችና ጥቂት የቅኔ ተማሪዎች ተቀምጠዋል። ንግግሬን ጨርሼ በመጨረሻ «የአንባቢ ድምፅ ላሰማችሁ» አልኩና ስንኙን በዜማ አነበብኩት። ፊት ያሉት አጨበጨቡ። ከኋላ ግን «ይበል! ይበል!» የሚል ድምፅ ተነሣ፤ ሳቅም አብሮ ነበር። ይበል የሚባለው ለጥሩ ቅኔ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ለእኔም የተባለ መሰለኝና ድጋሚ አነበብኩት። አሁንም ይበል አሉ፤ ሳቁም ጨመረ። እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ እጅ ነሣሁ።

ሲበተን አንድ ሽማግሌ የቅኔ መምህር ወደ እኔ መጡ። ጥምጥማቸው ነጭ፣ ድምፃቸው ቀጭን ነው።

«ይህን የተቀኘልህ ሰው ከማን ዘንድ ተማረ?» አሉኝ።

«ከማንም የኔታ። ሞጣ ያለ ነጋዴ ነው፤ ሙስሊም ነው።»

«ቅኔ ቤት ሳይቀመጥ? ይገርማል።» ዓይን ዓይኔን አዩኝ። «ወርቁን አይተኸዋል?»

ጎጃም ተወልዶ፣ አማርኛ እያስተማረ፣ በቅኔ መምህር ፊት «አላየሁትም» የሚል ማን አለ? «እንዴታ፣ አይቸዋለሁ» አልኩ።

«ካየኸውስ ወንድ ነህ» አሉ። «እኔ ብሆን ባደባባይ አላነበውም ነበር።» በትራቸውን ተመርኩዘው ሄዱ።

ወደ ቤቴ በእግሬ ስመለስ ስንኙን በአፌ አላምጠው ጀመር። መንገድ ላይ ሰው ያገኘኛል፣ እንኳን ደስ አለህ ይለኛል፣ እኔ አፌ ውስጥ ያለው ቃል አልወርድ ብሎኝ ራሴን ብቻ እነቀንቃለሁ። መጽሐፉን ያየ ሁሉ፣ ገለበጠው አሉ። ያየው ሰው ሁሉ ምን አሉ? ገለበጠው፣ አሉ። ማን ገለበጠው? ቆምኩ። ተማሪዎቼ ላይ የጮህኩበት ቃል ነው። ከዚያ ብርዙም ተከተለ፤ ማሩ የሌላ ሰው ነው፣ በረዝከው ማለቱ ነው። ከኋላ ወንበር የሳቁት ሁሉ ይህን ሰምተው ነው የሳቁት። እኔ ደግሞ እጅ ነሥቻቸዋለሁ።

ሌባ ተብዬ ነበር፤ ስድቤን በገዛ መጽሐፌ ጀርባ አሳትሜ፣ መድረክ ወጥቼ፣ በዜማ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ያን ዕለት ራቴን አልበላሁም። ባለቤቴ «ደክሞህ ነው» አለችኝ፤ አዎ አልኳት።

መንገዱ ክፍት በሆነ በመጀመሪያው ቅዳሜ በደብረ ወርቅ በኩል ሞጣ ሄድኩ። ባዶ እጄን ላለመሄድ ከመጀመሪያው እትም የተረፉኝን አምስት መጽሐፎች በፌስታል ያዝኩ። ለምን እንደያዝኳቸው እኔም አላውቅም፤ ጥፋቴን ስጦታ አድርጌ መውሰዴ ነበር።

ሱቁ ውስጥ ሁለት ሴቶች ጨርቅ ያስመርጡ ነበር። ሲያየኝ አልደነገጠም። በርጩማ አሳየኝና ወደ ጓሮ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ለእንግዳ የሚጠጣ አምጡ» አለ። ብርዝ መጣ። ሴቶቹ እስኪሄዱ ብርጭቆውን ይዤ ተቀመጥኩ።

«ጠጣ እንጂ» አለኝ፣ ጨርቁን እያጣጠፈ።

«ወርቁን አገኘሁት» አልኩ።

«መቼ?»

«መድረክ ላይ ካነበብኩት በኋላ።»

እጁ ቆመ። «እኔ የላክሁት ለአንተ ብቻ ነበር» አለ። «ብቻህን ገብቶህ፣ ብቻህን አፍረህ፣ ትደውልልኛለህ ብዬ ነው። ጀርባው ላይ ታትሞ ሳየው፣ ወላሂ፣ ወይ ደፍሯል ወይ አልገባውም አልኩ።»

«አልገባኝም ነበር።»

«አማርኛ እያስተማርክ» አለ። አልሳቀም።

ከመደርደሪያው ሥር የላክሁለትን መጽሐፍ አወጣና አቡጀዲዋ ላይ ገለጠው። «አባቴን ክርስትና አንስተኸዋል» አለኝ። «ለቤተሰቡ እንኳ ሳትነግር። ዕድሜውን ሙሉ አምስት ወቅት የሰገደ ሰው ነው፤ አንተ ወስደህ ደጀ ሰላም አቆምከው። ከፈኑንም መግነዝ አልከው።»

የምለው ብዙ ነበረኝ፤ መንገድ ላይ አዘጋጅቼዋለሁ። ታሪክ የጋራ ነው ልል ነበር፤ ሐሳቡን ብቻ ነው የወሰድኩት ልልም ነበር። ከሁሉ የከፋውን መርጬ «ደብተሩን ራስህ ነህ የተውክልኝ» አልኩት። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ራሴን ጠላሁት።

«ልክ ነህ፣ ትቼልሃለሁ» አለ በቀስታ። «እሱን እንርሳው። አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ ለእሷ ብቻ መልስልኝ። ያኔ ለመጽሐፍ አይሆንም ያልከኝ፣ እውነትህን ነበር?»

ከቢቸና ስነሣ ይህን አልጠበቅሁም። እውነቴን ነበር ብዬ ብመልስለት ቀላል ነው፤ ያኔ አላዋቂ እሆናለሁ እንጂ ክፉ አልሆንም። እሱም ቢያንስ በቅን ሰው ምክር ነው የተውኩት ብሎ ይጽናናል። ለእሱ ብዬ መዋሸት የምችል መሰለኝ፤ ግን ለእሱ እንዳልሆነ አውቃለሁ።

«ውሸቴን ነው» አልኩት። «አንዴ ጀምሬ ሳልነሣ ነው የጨረስኩት። ቀናሁብህ።»

የያዘውን ጨርቅ አጣጠፈ፣ ፈታው፣ እንደገና አጣጠፈው። «እኔ እኮ አምኜህ ነበር» አለ። «ከዚያ ወዲህ አንድ መስመር ጽፌ አላውቅም። ከዚያች ሁለት ስንኝ በቀር።»

ይቅርታ አልኩት። ሰምቶኝ እንደሆነ አላውቅም። አንድ ሽማግሌ ክር ሊገዙ ገቡ፤ አስተናገዳቸው፣ ልጆቻቸው ደህና መሆናቸውን ጠየቃቸው፣ እስከ በሩ ሸኛቸው። ተመልሶ «ደብተሩስ አለ?» አለኝ።

«አቃጠልኩት። ረቂቁን ማተሚያ ቤት በላክሁ ሳምንት።»

ቁጭ አለ። ከገባሁ ጀምሮ ሲቀመጥ ይህ የመጀመሪያው ነው። ምንም ቢለኝ፣ ቢሰድበኝ፣ ከሱቄ ውጣ ቢለኝ ይቀለኝ ነበር። «ሌላ ግልባጭ አልነበረኝም» ብቻ አለ፤ በዚህ ቃል አልተጫወተበትም። ቆይቶ «እንግዲህ የቀረው ያንተው መጽሐፍ ብቻ ነው» አለ።

«በሚቀጥለው እትም ስምህን አወጣዋለሁ» አልኩ። «የአንተ መሆኑን እጽፋለሁ።»

«የእኔን ስም ተወው። አባቴን ወደ መስጊዱ መልሰው።» ወደ ፌስታሉ አየ። «እሱ ምንድን ነው?»

«መጽሐፉ ነው። አምስት ነው።»

«ጥሩ። እህቶቼ አምስት ናቸው። አባታቸው እንዲህ ተጽፎ አይተው አያውቁም፤ እያስተካከልኩ አነብላቸዋለሁ። አምጣው።»

ሰጠሁት። የመጀመሪያውን ገለጠ። ለባለሥልጣን ለማደል አስቀድሜ የፈረምኩባቸው እንደሆኑ ያኔ ነው ትዝ ያለኝ፤ በውስጠኛው ነጭ ገጽ ላይ «ከደራሲው፣ ከአክብሮት ጋር» ይላል፣ ከሥሩ ረጅም ፊርማዬ አለ። ጥቂት አየው። የጨርቅ መቀሱን ከሳንቃው ላይ አነሣና ገጹን ከስፌቱ ጥግ ይዞ ቀስ ብሎ ቆረጠው። ሌሎቹ ገጾች እንዳይጎዱ እየተጠነቀቀ አምስቱንም እንደዚያው አደረገ። መጽሐፎቹን መደርደሪያ ላይ ካኖረ በኋላ አምስቱን ወረቀቶች ሰብስቦ፣ ጠርዛቸውን አስተካክሎ ዘረጋልኝ።

«እንካ» አለኝ። «ያንተ ይኸኛው ነው።»

ተቀብዬ ኪሴ ከተትኩት።